አመሰግናለሁ ያልኩ ቀን

ቡዌኖስ አይረስ ውስጥ «አመሰግናለሁ» ማለት እንደሚያስቀጣ ማንም አልነገረኝም።

ትናንት ከሰዓት ፓሌርሞ መናፈሻ፣ ሣሩ ላይ ክብ ሠርተን ተቀመጥን። ማቴ መጣ። ትንሽ ቅል ውስጥ ደረቅ ቅጠል ይሞሉና ሙቅ ውሃ እያፈሰሱ፣ በአንድ የብረት መምጠጫ ሁሉም በየተራ ይስባል። ምሬቱ የኮሶ የአክስት ልጅ ነው። እንዳሳደጉኝ በሁለት እጄ ተቀብዬ ጠጣሁና «ግራሲያስ» ብዬ ቅሉን መለስኩ። ከዚያ ቅሉ አምስቴ ዞረ። እኔ ጋ ሲደርስ ይዘለኛል። ለካ ማቴ ላይ «ግራሲያስ» ማለት «በቃኝ» ማለት ኖሯል!

እሺ፣ በቃኝስ ብል? እኛ ቤት የእንግዳን «በቃኝ» ማን ይሰማዋል? ገና «በሞቴ» አለ፣ «አፈር ስሆን» አለ። «አንድ ጉርሻ ያጣላል» ብለን ሁለተኛውን የምናጎርስ ሰዎች ነን።

ሥጋቸውን ግን አላማም። አሳዶ ይሉታል። ጨው ብቻ ነስንሰው ፍም ላይ ሲያቆዩት የሚሆነውን ይሆናል። ቺሚቹሪ የሚሉት ማባያ ግን ሚጥሚጣ ለለመደ ምላስ ያው ሰላጣ ነው። ያናደደኝ ምግብ ቤት የቀረበልኝ ሂሳብ ነው። «ኩቢየርቶ» የሚል መስመር አለበት። ሹካና ቢላ ማለት ነው አሉኝ። «ሥጋ ሰጥቶ ቢላ መንሳት» የሚለውን ተረት ከልጅነቴ እወደዋለሁ። እነዚህ ቢላውን አይነሱም፤ ያስከፍሉታል!

ቢላ ከተነሳ አይቀር፣ አንድ ወዳጄ አለ። የዛሬ 10 ዓመት ቁርጥ ቤት ገባን። ለሁለታችን አንድ ቢላ መጣ። እሱ ያዘው። ስለ መሬት ዋጋ እያወራ ይቆርጣል፣ እየቆረጠ ያወራል። እኔ ባዶ እንጀራ አዋዜ ውስጥ እነክራለሁ። ሂሳቡን ማን ከፈለ? እኔ! እስከ ዛሬ «አመሰግናለሁ» አላለኝም። እሱን ነበር ማቴ ላይ ማስቀመጥ። ዕድሜ ልኩን ሲቀዳለት ይኖር ነበር።

የሆነው ሆኖ፣ ዛሬ ማታ ከመናፈሻው ሰዎች አንዱ ቤቱ ለአሳዶ ጠራኝ። ቅሉ ሲመጣ ትንፍሽ አላልኩም። ስምንተኛውን ጨርሻለሁ። በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆኗል፣ ሆዴ ውስጥ ውሃ ይንቦጫረቃል፣ ጌታው ገና ከሰሉን እያራገበ ነው።