ውዳሴ ዘእንደደረሰኝ

ድሮ ጎጃም ውስጥ አንድ ነገር ለሕዝብ ለማሰማት መከራ ነበር። የቅኔ ተማሪው ደበሎ ለብሶ፣ ቁራሽ ለምኖ፣ ውሻ አባርሮት ቅኔ ቤቱ ዋሸራ ይደርሳል። ቀኑን ሙሉ ዛፍ ሥር ተቀምጦ ቅኔ ይቆጥራል። ማታ መምህሩ ፊት ቆሞ ይነግራል። አንዲት ቃል ከተዛነፈች ተመለስ ይባላል። ይህ ሁሉ ድካም ለሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ነው!

የዛሬው የደብረ ማርቆስ ወሬ ላኪ፣ ዕድሜ ይስጠውና፣ ከዚህ ሁሉ ገላግሎናል። ማኪያቶው ሳይቀዘቅዝለት ወሬው ሦስት የቴሌግራም ግሩፕ ገብቷል። ቪድዮው የት ተቀረጸ? መቼ? እንዲህ ያለ ጥያቄ ሥራ ለፈታ ሰው ነው። ከላዩ ላይ «እንደደረሰኝ» ብሎ ይጽፍና ይለቀዋል። በቃ፣ ነጻ ወጣ። ጲላጦስ እንኳ ለዚህ ውሃ አስፈልጎት ነበር።

ባለፈው አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ስልኩን ተቀበሉት።

«ልጄ፣ እነዚህ ፖሊሶች የለበሱት የእኛን አገር ልብስ አይደለም እኮ።»

«ቀይረውት ይሆናላ፣ ጋሼ።»

«የሚናገሩትስ በምን ቋንቋ ነው?»

«እሱን ተዉት። ዋናው መልእክቱ ነው።»

መልእክቱ ደግሞ ግልጽ ነበር፤ እነ እገሌ ሊጨርሱን ነው፣ እንቅደማቸው።

ይህን ስታነሱበት ሕገ መንግሥት ይጠቅሳል። አንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ሰጥቶኛል ይላል። ልክ ነው፣ ሰጥቶታል። የማን ሐሳብ መሆን እንዳለበት ግን አልጻፈም። ስለዚህ ላኪያችን ያላሰበውን ሐሳብ በሙሉ ነፃነት ይገልጻል።

ምቀኞች አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን ያመጡበታል። የጥላቻ ንግግር እስከ 2 ዓመት እስራት ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ያስቀጣል። በንግግሩ ሰበብ ጥቃት ከደረሰ ከ1 እስከ 5 ዓመት ነው። እሱ ግን ከአዋጁ የያዘው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ ላይክና ታግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠሩም። ሼርም የላይክ ወንድም ነው ብሎ ተጽናንቷል። (አይደለም። ግን ደስታውን ማን ያደፈርስበታል?)

ጥበቡ ፍሬ ማፍራቱን ለሚጠራጠር ማስረጃ አለን። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ፣ እዚሁ ምዕራብ ጎጃም፣ የልጆችን ጤና ሊያጠኑ የመጡ ሁለት ተመራማሪዎች በሰው እጅ ተደብድበው ተገደሉ። ልጆቻችንን ሊጎዱ ነው የሚል ወሬ ቀድሟቸው ነበር። ማን ጀመረው ብትሉ መልሱ ያው ነው፤ እንደደረሰን። አያቶቻችን እኮ በሬ ሲሰረቅ አውጫጭኝ ይቀመጡ ነበር። አገሬው ተሰብስቦ፣ ምሎ፣ ያየውን የሰማውን ሳይናገር ወደ ቤቱ አይሄድም። ለአንድ በሬ! እኛ ለሁለት ሰው ነፍስ እንዲህ ያለ ቢሮክራሲ አላበዛንም።

ሩዋንዳን የሚያነሱም አሉ። እዚያ ኤርቴኤልኤም የሚባል ሬዲዮ እ.ኤ.አ. በ1994 ሰውን በረሮ እያለ ሲያስጨርስ ከረመ፤ ከመሥራቾቹም አንዳንዶቹ በኋላ ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት ቆሙ። ላኪያችን ይህን ሲሰማ ይስቃል። እኛ በረሮ ብለን አናውቅም። ጅብ፣ አረም፣ ነቀርሳ ነው የምንለው።

መንግሥትም ቢሆን ሚዛን መጠበቅ ያውቅበታል። በ2015 ክረምት በክልሉ ኢንተርኔት ተዘጋ። ወሬው ምን አለ? ሚኒባስ ተሳፈረ። ከቡሬ ሲነሣ አንድ ቁስለኛ የነበረው ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ሦስት ሬሳ ሆኖ ይወርዳል። መንገዱ የተዘጋበት «እስቲ ላጣራ» ያለው ሰው ብቻ ነው። ደግሞ ተናጋሪው ማን እንደሆነ ይታያል። ሹሙ መድረክ ላይ ወጥቶ ሰውን አረም ሲል መግለጫ ይባላል። ሻይ ቤት የተቀመጠ ገበሬ «ማዳበሪያው የት ደረሰ?» ሲል ግን ቅስቀሳ ነው፤ ስሙ ይመዘገባል።

ላኪያችን ይህችን ልዩነት ጠንቅቆ ያውቃታል። ማዳበሪያ በጠፋበት በዚያው በ2015፣ ቀበሌው ሕዝቡን ለውይይት ጠርቶ ነበር። አዳራሹ ጢም ብሏል። ትንፍሽ የሚል የለም። በስልክ አገር የሚያርደው ጀግናችን ከኋላ ወንበር አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል።

«እስቲ አንተ፣ ከኋላ ያለኸው» አሉት ሰብሳቢው። «የምትለው ካለ።»

ተነሣ። ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞች ሐሳቤን ጨርሰውታል» ብሎ ተቀመጠ።

ከእሱ በፊት የተናገረ ሰው አልነበረም።