ክርክር፦ የላፕቶፕ ፍላጎታችንን የሚፈጥረው ማስታወቂያ ነው?

ሁለት የድሬዳዋ ነዋሪዎች፣ አንዷ የገበያ አስተዳደር መምህርት፣ ሌላው ያገለገሉ ላፕቶፖችን ታይዋን በተባለው የከተማዋ ገበያ የሚሸጡና የሚጠግኑ ነጋዴ፣ በዚህ ጥያቄ ላይ በጽሑፍ ተከራክረዋል።

መምህርቷ፦ ታይዋን ገብቶ ላፕቶፕ የሚያጠያይቅ ሰው ከዋጋው ቀጥሎ የሚያነሳው «ኮር ፋይቭ ነው?» የሚለውን ጥያቄ ነው። ጥያቄው ግን ከገዢው የመነጨ አይደለም። ኮር ፋይቭ የኢንቴል ኩባንያ ፕሮሰሰር ስም ነው፤ ፕሮሰሰር ደግሞ የኮምፒውተሩን ስሌት የሚሠራ፣ ከላፕቶፑ ሆድ ውስጥ ተደብቆ የሚቀመጥ ዕቃ ነው፤ ኢንቴል እ.ኤ.አ. በ1991 «ኢንቴል ኢንሳይድ» የተሰኘውን ዘመቻ ጀምሮ፣ ምልክቱን ለሚያወጡ አምራቾች የማስታወቂያ ወጪያቸውን በከፊል እየሸፈነ፣ ይህን የማይታይ ዕቃ ሰው በስሙ የሚጠራው አደረገው። እኔን የሚያሳስበኝ ስሙ የሚሸፍነው ነገር ነው። በ2012 የወጣው ሦስተኛ ጄኔሬሽን (ትውልድ) የላፕቶፕ ኮር ፋይቭ ሁለት ኮር፣ ማለትም ሥራውን የሚካፈሉ ሁለት የፕሮሰሰር ክፍሎች ብቻ ሲኖሩት፣ በ2017 የወጣው ስምንተኛው አራት አለው፤ ዊንዶውስ 11ም በጥቅሉ የሚቀበለው ከስምንተኛው ጀምሮ ያለውን ነው። የሁለቱም ስቲከር ግን አንድ ዓይነት ስም ይዟል። ጄኔሬሽኑን የሚጠይቅ ገዢ ጥቂት ነው፤ ማንም አላስተዋወቀለትምና።

ነጋዴው፦ መምህርት፣ ስለ ስቲከሩ ያሉት እውነት ነው፤ ይሁንና በስቲከር የተሸወደ ገዢ ሁለተኛ ሲመጣ ጄኔሬሽኑን ሳይጠይቅ ብር አያወጣም። እኔ ዘንድ ቲንክፓድ የተባለው ላፕቶፕ የሚፈለገው ማስታወቂያው አምሮ አይደለም፤ እዚህ ከተማ ማስታወቂያውን ያየ ሰውም አላውቅም። ኪቦርዱ ቢበላሽ መለዋወጫው ይገኛል፣ ባለቤቱ መልሶ ሊሸጠው ቢፈልግም ገዢ አያጣም። ማስታወቂያ ብቻውን ፍላጎት የሚፈጥር ቢሆን ኖሮ የኤችፒ ታችፓድ ባልወደቀ ነበር፤ ያ ታብሌት በ2011 በ499 ዶላር ወጥቶ ሁለት ወር ሳይሞላው ተቋረጠ፣ ሰው የተሻማበትም ዋጋው ወደ 99 ዶላር ሲወርድ ነው።

መምህርቷ፦ 499 ዶላር እኮ የአይፓድም መነሻ ዋጋ ነበር። ታችፓዱ ያጣው ስም ነው።

ነጋዴው፦ ያጣው አፕሊኬሽን ነው።

መምህርቷ፦ ይሁን፣ ወደ ድሬዳዋ እንመለስ። ስቲቭ ጆብስ በ2008 ማክቡክ ኤርን ከወረቀት ፖስታ ውስጥ መዝዘው ካሳዩ ወዲህ ቅጥነት የጥራት መለኪያ ሆኗል። አፕል ራሱ ለማክቡክ የሚያስቀምጠው የአካባቢ ሙቀት ጣሪያ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ የእኛ ግንቦትና ሰኔ ደግሞ ይህን የሚያልፉባቸው ቀናት አሏቸው። ሙቀት የሚወጣበት ሰፊ ቦታና ጠንካራ ፋን ያለው ወፍራም ላፕቶፕ ለዚህ ከተማ የሚበጅ ሆኖ ሳለ፣ ሰው «ስሊም ነው?» ብሎ የሚጠይቀው ከራሱ አየር ጠባይ ተነሥቶ ነው?

ነጋዴው፦ ከትከሻው ተነሥቶ ነው። ተማሪው በዚያ ፀሐይ ከመኝታ ክፍሉ እስከ መማሪያ ክፍሉ ተሸክሞት ይሄዳል። ስለ ሙቀቱ ከሆነ፣ አቧራው ተጠርጎ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ፔስት ሲታደስ ብዙዎቹ ይስተካከላሉ፤ የሐረር ደንበኞቼማ ይህ ችግር እምብዛም የለባቸውም።

መምህርቷ፦ ጉዳዩ የትከሻ ከሆነ ክብደቱን መጠየቅ ነበረበት። እስኪ ይንገሩኝ፣ ስንት ኪሎ እንደሆነ የጠየቀዎት ገዢ አለ?

ነጋዴው፦ ኪሎውን የጠየቀኝ የለም። ሁለት ላፕቶፕ በግራና በቀኝ እጁ አንሥቶ የማያመዛዝን ግን የለም፤ ከባዱን ጠረጴዛው ላይ ይመልስና በሌላው ዋጋ መከራከር ይጀምራል።