ልጁ አይጾምም፣ እንቁላሉን ቀቅሉለት

ስለ ሕፃናት ምግብ የወጣው ጽሑፍ 6 ወር ለሞላው ልጅ ካሮትና ድንች ቀቅሎ መፍጨትን፣ አቮካዶ ጨፍልቆ ማብላትን ጥሩ አድርጎ አሳይቷል፣ እናመሰግናለን። ግን አትክልት ብቻ ሆነብኝ። ከ6 ወር በኋላ የጡት ወተት ብቻውን ለልጁ የሚያስፈልገውን አይረን (ለደም የሚሆነውን የብረት ማዕድን) አይሸፍንም፣ ካሮትም ያንን አይሞላም። ጉበት፣ በደንብ የደቀቀ ሥጋና ምስር የት ሄዱ? እንቁላልስ?

በተለይ የሁዳዴ ነገር ያሳስበኛል። ዕቃ ይነካካል ተብሎ 55 ቀን ሙሉ እንቁላል የማይበስልበት ቤት ብዙ ነው፣ ጡት የሚጠባው ልጅም አብሮ ይጾማል ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን እኮ ከ7 ዓመት በታች ያለ ልጅ ይጹም አላለችም! ለእሱ ብቻ የሚሆን ትንሽ ድስት፣ ሳህንና ማንኪያ ለይቶ ማስቀመጥ ነው፣ አለቀ።

ሌላው ደግሞ፣ እባካችሁ ምግቡን አታቅጥኑት። በጡጦ እንዲወርድ ተብሎ ውሃ የሆነ አጥሚት ሆድ ይሞላል እንጂ አይመግብም፤ ምግቡ ማንኪያ ላይ ሲደረግ መፍሰስ የለበትም። ከመጠን በላይ ከወፈረ በጡት ወተት ማላላት ይቻላል። ብሌንደር የሌላችሁም አትጨነቁ፣ በደንብ የበሰለ ድንችና ምስር በሹካ ልም ይላል፣ እንዲያውም ልጁ ወደ 8 ወር ሲጠጋ ትንሽ ሸካራ ቢሆንለት ይሻላል፣ ማኘክ የሚለምደው በዚያ ነው። ጨውና ስኳር አያስፈልገውም። ማር ግን ዓመት ሳይሞላው በፍጹም አትስጡት፣ ለጉንፋን ተብሎም ቢሆን።