ቪ ቅርጽ ከሜታል በፊት ነበር

አንድ ያነበብኩት ጽሑፍ ቪ (V) ቅርጽ ያለው ጊታር ለሄቪ ሜታል፣ ማለትም ለኃይለኛው የሮክ ሙዚቃ ዓይነት ተብሎ እንደተፈጠረ አድርጎ አቅርቦታል። የጊታር አምራቹ ጊብሰን ግን ፍላይንግ ቪ የተባለውን ቪ ቅርጽ ጊታር ያወጣው በ1958 ነው፤ ያኔ ሜታል የሚባል ሙዚቃ አልነበረም። ገዢ ስለጠፋ ምርቱ ብዙም ሳይቆይ ቆመ። ቀድመው ከተጫወቱበት አንዱ የብሉዝ ጊታሪስቱ አልበርት ኪንግ ነው።

ለሜታል ታስቦ የተነደፈው የኦዚ ኦዝቦርን ጊታሪስት ራንዲ ሮድስ በ1980 መጨረሻ ከጊታር ሠሪው ግሮቨር ጃክሰን ጋር ያሠራው ነው። በኋላ በታወቀው መልኩ የላይኛው ክንፍ ረጅም፣ የታችኛው አጭር ነው። ከመልኩ ይልቅ ልኩን ተመልከቱ፦ የጃክሰኑ የክር ርዝመት 25.5 ኢንች፣ የጊብሰኑ 24.75 ገደማ ነው። በዚህ ልዩነት ቅኝት ሲወርድ ወፍራሙ ክር ቶሎ አይላላም።

ቁጭ ብሎ ለመጫወት ቀኝ ጭንን በሁለቱ ክንፎች መሃል ማስገባት ነው፤ ጭን ላይ ጣል ካደረጋችሁት ይንሸራተታል።

ፍሎይድ ሮዝ (ክሮቹን የሚቆልፍ ተንቀሳቃሽ ብሪጅ፤ ብሪጅ ክሮቹ ጊታሩ አካል ላይ የሚያርፉበት ክፍል ነው) ያለው ከገዛችሁ፣ ከመቃኘት በፊት አንገቱ ጫፍ ላይ ያሉትን መቆለፊያዎች ፍቱ። ሳይፈቱ መቃኛውን ማዞር ክር ይበጥሳል እንጂ ድምፁን አያስተካክልም። ከ0.009 ኢንች ወደ 0.010 ኢንች ውፍረት ክር ስትቀይሩ ውጥረቱ ስለሚጨምር ብሪጁ ከኋላ ብድግ ይላል። የጀርባውን ክዳን ከፍታችሁ ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች ሩብ ዙር ሩብ ዙር አጥብቁና እንደገና ቃኙ፤ ብሪጁ ከጊታሩ ገጽ ጋር ትይዩ እስኪሆን መደጋገም ነው። ቅኝት ስታወርዱ ደግሞ በተቃራኒው ብሎኖቹን ታላላላችሁ። ትዕግስት የሌለው ሰው ቋሚ ብሪጅ ያለውን ቢገዛ ይሻለዋል።