እናትየዋን ተዉና አንቀጽ 20ን ጠይቁ

ሰሞኑን አንድ ቪዲዮ ከስልክ ስልክ ሲዞር ከረመ። እኔም ዘንድ ደረሰ። ራሱን ተንታኝ ያደረገ አንድ ወንድማችን፣ ለጉብኝት አሜሪካ ሄደው እዚያ ስለሚወልዱ እናቶች ያወራል። ማውራት ብቻ ቢሆንማ ምን ነበረበት። ልጃቸውን ገና ከማኅፀን ሳይወጣ ለባዕድ ሸጠዋል ይላል። ትራምፕ በሩን መዝጋታቸውም ደግ አደረጉ፣ ለኛም ክብር ነው ብሎ ይደመድማል።

ቪዲዮውን ያየሁት ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ጥላ ሥር፣ ሻይ ይዤ ነበር። ሻዩ ቀዘቀዘ፤ እኔ ጋልኩ።

በሩ ተዘጋ ያለው ማን ነው? ትራምፕ ትእዛዙን የፈረሙት በበዓለ ሲመታቸው ዕለት፣ ጥር 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ነው፤ እኛ ቃና ዘገሊላን ስናከብር። እናት በጊዜያዊ ቪዛ ከገባች፣ አባትም ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ካልሆነ፣ እዚያ የሚወለደው ልጅ ዜጋ አይሆንም የሚል ነው። ፍርድ ቤቶች ወዲያው አገዱት፤ ክርክሩም ጠቅላይ ፍርድ ቤት ድረስ ሄደ። ነገሩ በአንድ ፊርማ የሚፋቅ አይደለማ። እዚያ የተወለደ ዜጋ ነው የሚለው 14ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ የጸደቀው እ.ኤ.አ. በ1868 ነው፤ ዐፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ በተሰዉበት ዓመት። ድሬዳዋ ራሷ ያኔ አልተቆረቆረችም። ሰውዬው ግን በሩ ተቆልፎ ቁልፉ እሱ ኪስ የገባ ይመስል ይፈነጥዛል።

ደግሞ የሳቅኩበት አለ። እናቶቹ ይህን የሚያደርጉት በልጁ ጀርባ እነሱም ወዲያው ዜጋ ለመሆን ነው ይላል። ወዲያው! ወንድሜ፣ ልጅ ለወላጁ ማመልከት የሚችለው 21 ዓመት ሲሞላው ነው። ያኔም የሚያመለክተው ለመኖሪያ ፈቃድ እንጂ ለዜግነት አይደለም። ባቡር መጠበቅ የለመድን የድሬ ልጆች እንኳን 21 ዓመት አንጠብቅም። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ፣ ዋና ዓላማዋ እዚያ ወልዳ ለልጇ ዜግነት ማግኘት ነው ብሎ ያመነ ቆንስላ ቪዛውን ይከለክላታል። ይህን ሁሉ አልፎ፣ የሆስፒታሉን ዕዳ ከፍሎ፣ 21 ዓመት የሚታገሥ ሰው ካለ አታላይ ሳይሆን ጻድቅ ነው።

የማውቃት አንዲት የሳቢያን ሰፈር ልጅ አለች። እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ እዚያው ወለደች። አስባበት ነው ወይስ ሳታስበው? አልጠየቅኳትም። ልጁ አሁን ስድስት ዓመቱ ነው። የመጣው በሰማያዊ ፓስፖርት ነው፤ ኳስ ሲነጥቁት ግን «አቦ ተወኝ!» ብሎ ነው የሚጮኸው። የባጃጅ ሹፌሮቹን አንድ በአንድ በስማቸው ይጠራል። የሰፈር ልጆች «አሜሪካው» ይሉታል። በዚህ ይናደዳል።

ይህን ልጅ ለባዕድ የሚሰጠው ማን እንደሆነ ልንገራችሁ። እናቱ አይደለችም። የኢትዮጵያ ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ነው። አንቀጽ 20ን ክፈቱ። ውጭ በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ፣ 18 ዓመት በሞላው በአንድ ዓመት ውስጥ ያኛውን ትቼ ይህን መርጫለሁ ብሎ ካላሳወቀ፣ ኢትዮጵያዊነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል። «በፈቃዱ» የምትለዋን ልብ በሉልኝ። ዝም ካለ ፈቅዷል ማለት ነው። የ19ኛ ልደቱን ሻማ እፍ ሲል ኢትዮጵያዊነቱም አብሮ ይጠፋል።

የሚገርመው ይኸው አዋጅ ዜግነትን የሚቆጥረው በደም መሆኑ ነው። እናት ወይም አባት ኢትዮጵያዊ ከሆኑ ልጁ ኢትዮጵያዊ ነው፤ የት ተወለደ አይልም። የ1922ቱ ሕግም እንዲሁ ነበር። ተጥሎ ከተገኘ ሕፃን በቀር የተወለዱበት አፈር ዋጋ የለውም።

አፈር ዋጋ እንደሌለው ደግሞ ለድሬ ሰው አይነገረውም። ባቡሩ እ.ኤ.አ. በ1902 እዚህ ሲደርስ ፈረንሳዩ፣ ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ የመኑ አብሮ መጣ። ልጆቻቸው ከዚራና መጋላ ተወለዱ። በልጅነቴ ሙሸበክ የሚባለውን ጣፋጭ የምገዛበት ሱቅ ባለቤት፣ እሳቸውም አባታቸውም ድሬ የተወለዱ የየመን ሰው ነበሩ። ከሚዛኑ ጀርባ፣ ከስኳሩ ጆንያ አጠገብ፣ ዘይት የጠጣ ካኪ ፖስታ ነበራቸው። ውስጡ የመኖሪያ ፈቃዳቸው ነው። ሊያሳድሱ የሄዱ ቀን ሱቁ ይዘጋል፤ እኛም ሙሸበክ አጥተን እናኮርፋለን። አማርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሶማልኛ ያቀላጥፋሉ። ከሰርግም ከቀብርም አይቀሩም። በወረቀት ግን እንግዳ ነበሩ። ያመለክቱ ነበራ ትሉኛላችሁ፤ የዛሬው አዋጅ አራት ዓመት ለኖረ ይፈቅዳል። እሺ። የተወለዳችሁበት ከተማ ውስጥ «አራት ዓመት ኖሬያለሁ» ብላችሁ ማመልከቻ መጻፍ ምን እንደሚል እስቲ ሞክሩት።

ለሳቸው አፈር አይቆጠርም፣ ደም ነው ተባሉ። ይሁን። ታዲያ የዚህ ልጅ ደምስ? እናቱም አባቱም የድሬ ናቸው። 18 ዓመት ሙሉ የኢትዮጵያ የነበረ ደም በ19ኛው ምን ገባበት? ለአዛውንቱ አፈሩ አልበቃቸው፣ ለልጁ ደሙ አልበቃው። ምን ይብቃ ታዲያ? ተንታኙ ቢቆጣ መቆጣት የነበረበት እዚህ ላይ ነው። እሱ ግን አቅሙ የደረሰው እርጉዝ ሴት ላይ ነው።

ለነገሩ ቁጣው የአገር ፍቅር እንዳልሆነ በቀላሉ ይታወቃል። ጅቡቲ ለንግድ ወርዳ እዚያው ምጥ የያዛት የድሬ ነጋዴ ከሃዲ ስትባል ሰምታችኋል? አልሰማሁም። ጅቡቲም እንደኛው በደም ስለምትቆጥር ፓስፖርት አትሰጣትም። ስለዚህ ጥፋቱ ውጭ መውለድ አይደለም። ጥፋቱ ሰማያዊዋ ደብተር ናት። ይህ በአማርኛ ቅናት ይባላል።

ጥምር ዜግነት ለአገር ደኅንነት ያሰጋል የሚሉም አሉ። ለሚኒስትርና ለጄኔራል ከልክሉ፤ ማን ተቃወመ? ኳስ የሚያባርር ሕፃን ግን ማንን ያሰጋል? ቢጫ ካርድ አለለት እኮ የሚሉኝ ደግሞ የባሰ ያናድዱኛል። ቢጫ ካርድ የሚሰጠው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ለሆነ የውጭ ዜጋ ነው። የውጭ ዜጋ! አይመርጥም፣ አይመረጥም። ሳቢያን አድጎ፣ ሳቢያን ተምሮ፣ የከተማው ምክር ቤት ምርጫ ሲደርስ ዳር ቆሞ ሊያይ ነው።

ባለፈው እሑድ በሰፈራቸው አለፍኩ። ልጁ በአንድ እጁ ሳምቡሳ ይዞ ኳስ ይጫወታል። «አሜሪካው፣ አቀብል!» አለው አንዱ። «አሜሪካ አባትህ!» ብሎ ኳሱን ወደ ቦዩ ጠለዘው።

ለአዋጁ ይህ መልስ አይበቃውም። ቢሮ ቀርቦ ማሳወቅ አለበት። 13 ዓመት ቀርቶታል።