ካርድ መክፈት ሁለት ደቂቃ፣ መዝጋት ግን መከራ!

ወገን፣ ዛሬ ብሶቴን ልተንፍስ። አሜሪካ የምትኖሩ ነገሩ ይገባችኋል። ቦርሳዬ ውስጥ ከነካኋቸው የቆዩ የሱቅ ክሬዲት ካርዶች አሉ። ዕዳ የለባቸውም፣ ባላንሳቸው ዜሮ ነው። ልዝጋቸው ስል "ኧረ ተው፣ ክሬዲት ስኮርህ (ለአበዳሪ ታማኝነትህን የሚያሳየው ነጥብ) ይወርዳል" ይሉኛል። ልተዋቸው ስል ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ሰው የማይፈልገውን አካውንት ለመዝጋት እንዲህ መጨነቅ ነበረበት?

አከፋፈቱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዕቃችሁን ይዛችሁ ካሸሯ ጋ ትደርሳላችሁ። "ዛሬ 20 በመቶ ቅናሽ ትፈልጋላችሁ?" ትላለች። ከኋላ ሰልፍ አለ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራችሁን እዚያው የክፍያ ማሽኑ ላይ ትነካላችሁ፣ ስክሪኑ "ተፈቅዷል" ይላል፣ አለቀ። ወለዱ ስንት እንደሆነ በአፉ የሚነግራችሁ የለም። የብዙዎቹ የሱቅ ካርዶች ወለድ እኮ ከ30 በመቶ በላይ ነው! በካሸሯ አልፈርድም። እሷም ካርድ አስከፍቺ እየተባለች የምትጨቀጨቅ ሠራተኛ ናት። እኔን የሚያንገበግበኝ ይህን አሠራር ከላይ ሆነው የዘረጉት ናቸው። ሲያስከፍቱን ስለ መዝጋት አንዲት ቃል አይተነፍሱም።

መዝጋት ለምን ስኮር ይነካል? ፋይኮ፣ ያ ስኮሩን የሚያሰላው ድርጅት፣ ነጥብ ሲሰጥ 30 በመቶውን የሚያየው ያለብንን ዕዳ ነው። እዚያ ውስጥ ትልቁ ነገር ከተፈቀደልን ጠቅላላ ሊሚት (የመበደሪያ ጣሪያ) ስንት እጁን ተጠቅመናል የሚለው ነው። የካርዶቻችሁ ሊሚት በድምሩ 8,000 ዶላር ይሁን፣ ያለባችሁ ዕዳ ደግሞ 2,000። 25 በመቶ ተጠቅማችኋል ማለት ነው። 3,000 ሊሚት ያለውን የሱቅ ካርድ ስትዘጉ የቀረው 5,000 ነው። ያው 2,000 ዶላር በአንድ ጊዜ 40 በመቶ ሆነ። አንድ ሳንቲም አልተበደራችሁም። ያልተጠቀማችሁበትን ስለመለሳችሁ ብቻ አደገኛ ተበዳሪ መሰላችሁ። ይሄ ነው ደሜን የሚያፈላው! ጨዋ ሆኖ ቤቱን ያጸዳ ሰው ለምን ይቀጣል?

ደግሞ አንድ ወሬ አለ። "ከዘጋችሁት ታሪኩ ወዲያው ይጠፋል" የሚል። ስንቱን ሰው አስፈራርቶ ካርድ አሸክሞታል! በደንብ ሲከፈልበት የኖረ አካውንት ከተዘጋ በኋላም እስከ 10 ዓመት ድረስ ክሬዲት ሪፖርታችሁ (የብድር ታሪካችሁ መዝገብ) ላይ ይቆያል። ፋይኮም እዚያ እስካለ ድረስ ዕድሜውን ይቆጥረዋል። ስለዚህ ካርዶቹን በየወሩ አጽድቶ ለሚከፍል ሰው የመዝጋቱ ጉዳት ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ይህን በግልጽ መናገር ምን ያቅታል?

እሺ፣ አልዝጋው እንበል። ዝም ብዬ ባስቀምጠውስ? አልተጠቀምክበትም ብለው ራሳቸው ሊዘጉት ይችላሉ፣ ያውም አስቀድመው ሳይነግሩኝ። እንዳይዘጋ ከፈለግኩ አልፎ አልፎ ሄጄ የማያስፈልገኝን ካልሲ መግዛት ሊኖርብኝ ነው። ገዝቼ ደግሞ የክፍያ ቢሉን መከታተል። የረሳሁት ካርድ ላይ ሌባ ቢገዛበትስ በምን አውቃለሁ?

አንድ ወዳጄ የደረሰበትን ልንገራችሁ። የሱቅ ካርዱን ዕዳ ከፍዬ ጨረስኩ ብሎ ተገላገለ። ግን ቢሉ ከወጣበት ቀን አንስቶ እሱ እስከከፈለበት ቀን ድረስ ያለው ወለድ በሚቀጥለው ወር ብቅ አለ። ጥቂት ዶላር ናት። እሱ ቤት ቀይሯል፣ ወረቀቱ የድሮው አድራሻ ሄደ። ቅጣት ተጨመረበት፣ 30 ቀን አለፈው፣ "ዘግይቶ የከፈለ" ተብሎ ተመዘገበ። ያ መዝገብ 7 ዓመት ይቆያል። በጥቂት ዶላር ምክንያት 7 ዓመት! ሰውዬው ከዚያ በፊት አንድም ክፍያ አሳልፎ አያውቅም። ሲነግረኝ አንጀቴ አረረ።

በቃ ብዬ ለመዝጋት ደወልኩ። አፑ ላይ ሊሚት ማስጨመሪያ አለ። ሌላ ካርድ ማመልከቻ አለ። መዝጊያ ግን አላገኘሁም። ስልኩን ማሽን ያነሳዋል። ባላንስ ለማወቅ ይህን ተጫን፣ ለመክፈል ያን ተጫን ይላል፣ "ለመዝጋት" የሚባል ነገር የለም። በስንት ልመና ሰው አገኘሁ። "ለምን ትዘጋለህ?" አለችኝ። አልጠቀምበትም አልኩ። የቅናሽ ኩፖን ልስጥህ አለች። አልፈልግም አልኩ። ወደ ሌላ ክፍል አዛወረችኝ። እዚያም ያው ጥያቄ፣ ያው ኩፖን። አንድ ሰው አልፈልግም ካለ አልፈልግም ነው! ስለ ራሴ አካውንት ለምን አስረዳለሁ?

እኔ የወሰንኩት እንዲህ ነው። ሊሚታቸው ትንሽ የሆነውን፣ በየሳምንቱ ኢሜይል እየላኩ ግዛ ግዛ የሚሉኝን ዘግቻለሁ። ሊሚቱ ከፍ ያለውን አንዱን ለጊዜው አቆይቼዋለሁ። በቅርብ ቤት ልትገዙ ወይም መኪና በብድር ልትወስዱ ያሰባችሁ ግን ብድሩ ተፈቅዶ እስኪያልቅላችሁ ምንም አትንኩ። ሞርጌጅ ላይ ጥቂት ነጥብ የወለዱን መጠን ሊቀይረው ይችላል። ዓመታዊ ክፍያ ያለው ካርድ ወይም ባያችሁት ቁጥር ሱቅ ሱቅ የሚያሰኛችሁ ከሆነ ግን ስኮሩ ትንሽ ቢወርድም ዝጉት። ስኮር ተመልሶ ይወጣል፣ በ30 በመቶ ወለድ የሄደ ገንዘብ ግን አይመለስም።

ስትዘጉ የተዘጋበትን ደብዳቤ በጽሑፍ ጠይቁ። ዝም ካላችሁ ላይልኩላችሁ ይችላሉ። ከዚያ አኒዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ገብታችሁ የብድር ታሪካችንን የሚመዘግቡትን የሦስቱን ድርጅቶች፣ የኤኩዊፋክስን፣ የኤክስፒሪያንን እና የትራንስዩኒየንን ሪፖርት እዩ። በየሳምንቱ በነጻ ይገኛል። ባላንሱ ዜሮ፣ የዘጋውም ደንበኛው ራሱ መሆኑን የሚል መሆን አለበት። ስህተት ካለ ተከራከሩ፣ ሕጉ ይፈቅድላችኋል።

አፑ ላይ የመዝጊያ ቁልፍ ያለው የሱቅ ካርድ የሚያውቅ ካለ ኮሜንት ላይ ያሳየኝ፣ የእውነቴን ነው።