ሻሸመኔ ደርሰናል

አዲስ አበባ ስንኖር ዘመድ የምናገኘው ድንኳን ውስጥ ነበር፤ ወይ የሠርግ፣ ወይ የለቅሶ። አክስቴ ኮተቤ፣ እኛ ሲኤምሲ እየኖርን በዓመት አንዴ ብንተያይ ትልቅ ነገር ነው። ያውም ተቃቅፈን «ጠፋችሁ»፣ «ኧረ እናንተ ናችሁ የጠፋችሁት» ስንባባል አንዱ የንፍሮ ሳህን ይዞ በመካከላችን ያልፍና ወሬው ይቋረጣል። ከዚያ ሥራ ወደ ሐዋሳ ወሰደን። ርቀቱ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ሆነ። ያን ጊዜ ዘመድ የተባለ ሁሉ እግር አወጣ። አንዲት ታክሲ መሳፈር የከበደው ሰው ግማሽ ቀን አውቶቡስ ላይ ተቀምጦ «ናፍቃችሁን» እያለ ይመጣል። መቼም ሐይቅ ዳር ያለ ዘመድ ይናፍቃል።

እንመጣለን ብሎ አስቀድሞ የሚናገር የለም። ስልኩ የሚደወለው ከሻሸመኔ ነው። «ሻሸመኔ ደርሰናል፤ እንዳትቸገሩ ብለን ነው ሳንነግራችሁ የወጣነው።» ከሻሸመኔ ሐዋሳ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚያች ጊዜ ውስጥ ቤት መጥረግ፣ ከጎረቤት ፍራሽ መበደር፣ ሽንኩርት መክተፍና ደስ ያለው ፊት አዘጋጅቶ በር ላይ መቆም ይጠበቅብናል። ባለቤቴ በዚህ ሰዓት «ስንት ናቸው?» ብላ አትጠይቅም። የምትጠይቀው «እነማን ናቸው?» ብላ ነው። ምክንያቱን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እንግዳው የት የት እንደቆመ ከተሸከመው ይታወቃል። ከመቂ ሽንኩርትና ቲማቲም፣ ከዝዋይ ፓፓያ፣ ጋሼ ካሉበት ደግሞ ከአርሲ ነገሌ በውኃ ጠርሙስ የተቀዳ፣ ውኃ ያልሆነ ነገር። አንድ የአጎቴ ልጅ ዝዋይ ላይ ዓሣ ገዝቶ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሐዋሳ ድረስ አምጥቶልናል። ለቀባሪ አረዱት ማለት ይህ ነው። እናቴ ግን ከእርሱም ትብሳለች፤ መርካቶ ገብታ «የሲዳማ ነው» ተብላ በውድ የገዛችውን ጥሬ ቡና አሸክማ ሲዳማ ድረስ መልሳዋለች። ቡናው ሲቆላ ጢሱን በእጇ ወደ አፍንጫዋ እየሳበች «እዚህ እንዲህ ያለ ቡና ከየት ታገኛላችሁ?» አለችን። ምን ይመለስላታል?

በእናቴ እምነት ከሞጆ በታች እህል የለም። ስለዚህ በርበሬውን፣ ሽሮውን፣ ምስር ክኩን፣ ኮረሪማውን፣ በወተት ጣሳ የተጠቀጠቀውን ቅቤ ሁሉ ይዛ ነው የምትመጣው። ቅቤው እንኳን መንገድ ላይ ቀልጦ ከሽሮው ጋር ታርቆ ይደርሳል። ዋናው ግን እርሾው ነው። «በሰው አገር እርሾ አይጋገርም» ብላ የቤቷን እርሾ በትልቅ የለስላሳ ጠርሙስ ሞልታ፣ ክዳኑን ጥርቅም አድርጋ ዘግታ፣ በላዩ ላይ ጨርቅ አስራ፣ እግሯ ሥር አስቀምጣው ተሳፈረች። ቀሪውን የሰማሁት ሻንጣዋን ካወረደው ረዳት ነው። በአዲስ አበባ ብርድ ሲያንቀላፋ የኖረው እርሾ ስምጥ ሸለቆ ሲገባ ነቃ። መቂን አልፈው ዝዋይ ሳይደርሱ ክዳኑ ተፈናጥሮ የአውቶቡሱን ጣሪያ መታ፤ ፈሳሹም ፊት ለፊት የተቀመጡ አንድ አዛውንት ነጭ ጋቢ ላይ ዐረፈ። አዛውንቱ ጎማ የፈነዳ መስሏቸው በስመ አብ ብለው አማተቡ። ሾፌሩም እንደዚያው መስሎት ዳር ይዞ ቆመ። እናቴ ይቅርታ ከመጠየቋ በፊት ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ አንሥታ ምን ያህል እንደተረፈ አየች። «ለአንድ ቡሃቃ ይበቃል» አለች አሉ።

አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐዋሳ 1,700 ገደማ። እኛ ይህን ልዩነት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ላይ አንብበን እናልፈዋለን፤ ሊጥ ግን አያልፈውም። ደጋ ላይ በሦስተኛው ቀን ከላዩ ያቀረረውን ውኃ ደፍተን አብሲት የምንጥልለት ሊጥ እዚህ በሁለተኛው ቀን ኮምጥጦ፣ ከቡሃቃው ሊወጣ ያጉረመርማል። እናቴ ደግሞ የምትጋግረው በቀን መቁጠሪያ ነው። «ሦስት ቀን ሳይሞላው ሊጥ ምጣድ አያይም» አለች፤ አላየም። በሦስተኛው ቀን የወጣው እንጀራ ዓይኑ የጠፋ፣ ሲጎረስ ግን የበላተኛውን ዓይን የሚያስጨፍን ሆነ። ወዲያው ምርመራ ተከፈተ። መጀመሪያ የተከሰሰው ጤፉ ነው፤ ያመጣችው ራሷ ስለሆነች በነፃ ተለቀቀ። ቀጥሎ ውኃው ቀረበ፣ ቀጥሎ ምጣዱ፣ ቀጥሎ ማሰሻው፣ በመጨረሻ ባለቤቴ። በእኛ ቤተሰብ ማንኛውም ምርመራ ዞሮ ዞሮ ምራት ዘንድ ነው የሚደርሰው።

ያዳኑን ጎረቤታችን ናቸው። የሲዳማ እናት ናቸው፤ እንጀራም ቆጮም ሲያስተዳድሩ የኖሩ። ገብተው ቡሃቃውን ከፈት አድርገው አሸተቱና «እርሾውን ቀንሱ፣ ማታ አቡኩ፣ ከምድጃው አርቁት። ቀኑን አትቁጠሩ፣ ሊጡን እዩት» አሉ። እናቴ በጨዋ ደንብ አመስግና ሸኘቻቸው። በሩ ሲዘጋ «ቆጮ የለመደ ሰው ስለ ጤፍ ምን ያውቃል?» አለች። በማግሥቱ ማታ ግን ከእርሾው ላይ በጭልፋ ስትቀንስ አይቻታለሁ። እንዳየኋትም አይታለች።

ከዚህ በኋላ ጎረቤታችን ቡርሳሜ ላኩልን፤ ቆጮው ተፈርፍሮ በቅቤ የራሰ፣ ሻፌታ በሚሉት ሸክላ ተሞልቶ። እናቴ ቀምሳ «ቅቤው ጥሩ ነው» አለች። ደግማ አንሥታ «ቅቤውስ አይወራም» አለች። የሸክላው ወለል እስኪታይ ድረስ ያመሰገነችው ቅቤውን ብቻ ነበር። ችግሩ ከዚያ በኋላ መጣ። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ ስለዚህ ሻፌታው ድፎ ዳቦ ይዞ ሄደ። እርሳቸውም ባዶ ዕቃ የማይቀበሉ ብቻ ሳይሆኑ ባዶ ዕቃ የማያስቀምጡ ሰው ኖረዋል፤ ሻፌታው በማግሥቱ ቡርሳሜ ይዞ ተመለሰ። በጭኮ ሄደ፤ በቡርሳሜ መጣ። በአነባበሮ ሄደ፤ በቡርሳሜ መጣ። ሁለት የተከበሩ ሴቶች በአንድ ሸክላ አማካይነት እንዲህ ሲዋጉ እኛ መሐል ሆነን ወፈርን።

ጋሼ ወጥ ቤት አይገቡም፤ እርሳቸው የሚመረምሩት ከተማውን ነው። ጋሼ ከሐዋሳ በዕድሜ ይበልጣሉ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በልዑል ራስ መንገሻ ሥዩም ስትቆረቆር እርሳቸው ፊደል ቆጥረው፣ ዳዊት ጀምረው ነበር። ስለዚህ በምንም ነገሯ አይደነቁላትም። መንገዱ ሰፊ ነው ስንላቸው «ገና ልጅ ናት፣ ትጠባለች» ይላሉ። ሐይቁን አሳየናቸው፤ «ውኃ ነው» አሉ። የሲዳሞ ዋና ከተማ ይርጋለም እንደነበረም ሁሌ ያነሣሉ፤ ማንም ያላማከራቸው መሆኑ እስከ ዛሬ ይከነክናቸዋል። የቤት ኪራዩን አልጠየቁም፣ ደመወዜንም አልጠየቁም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራቸው፤ «ለመሆኑ ቀባሪ አላችሁ?»

እድር ገብተናል አልኳቸው። እውነት ነው ገብተናል። ጸሐፊው የእኔን፣ የባለቤቴን፣ የሁለታችንንም ወላጆች ስም በትልቁ መዝገብ ላይ አስፍረው ሲያበቁ ነባር አባላት ለዓመታት ካዋጡት ጋር እንድንስተካከል መግቢያ ክፈሉ ተባልን። በሕይወት እያለን የሞት ውዝፍ ነበረብን። በየወሩ ከፈልን። ይህን ሲሰሙ የጋሼ ፊት በራ። «እንግዲህ አገር ለምዳችኋል» አሉና የአርሲ ነገሌውን ጠርሙስ ከፈቱ።

ወደ ወጥ ቤቱ ልመለስ፤ ከባዱ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ሐምሌ 19 እና ታኅሣሥ 19፣ የሐዋሳ ገብርኤል ይነግሣል። ከተማዋ በምእመናን ትሞላለች፣ አልጋ ይጠፋል፣ የእኛ ሳሎን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ፍራሽ ይሆናል። የሐምሌው ይቀላል። የታኅሣሡ ግን በነቢያት ጾም ውስጥ የሚውል ነው፤ ጾሙ ኅዳር 15 ይገባና እስከ ገና ዋዜማ ይዘልቃል። እንግዲህ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ በጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም? ለዚህ ጥያቄ ሳሎናችን ለሁለት ይከፈላል። እያንዳንዱ የነፍስ አባቱን ይጠቅሳል፤ የነፍስ አባቶቹ ሁሉ አዲስ አበባ ስለሆኑ የሚያጣራ የለም። ባለቤቴ ሁለት ድስት፣ ሁለት ጭልፋ፣ ሁለት ማማሰያ ይዛ ትቆማለች። አንድ ቀን የዓሣው ማማሰያ ስቶ ሽሮው ውስጥ ቢገባ ሽሮው እንደተገደፈበት ተቆጥሮ ለበላተኛው ወገን ተላለፈ። አክስቴ አጥባቂ ናቸው፤ በጾም ዓሣ በአፋቸው አይዞርም። ሌሊት ወጥ ቤት ውስጥ ጭልፋ ሲንኳኳ ሰምቼ ብወጣ የዓሣ ሾርባውን ድስት ከፍተው አገኘኋቸው። «መረቁን ነው» አሉኝ። «መረቅ ዓሣ አይደለም።»

እንግዳ ሁሉ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል መሄድ አለበት፤ ሳያይ ከተመለሰ ሐዋሳ መምጣቱን ኮተቤ የሚያምንለት የለም። ጠዋት ጀልባዎቹ ሲመለሱ ቆሮሶውና አምባዛው እዚያው ይገፈፋል፣ ይበለታል። አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞሮች የጡረታ ተራ እንደሚጠብቁ ሽማግሌዎች መላጣቸውን አቀርቅረው ዙሪያውን ቆመዋል። አክስቴ አንዱ ትኩር ብሎ ሲያያቸው ፌስታላቸውን ነጠላቸው ውስጥ ሸጎጡት። ጋሼ ደግሞ አንዱ ወጣት ጥሬ ዓሣ በአዋዜ እያጠቀሰ ሲጎርስ ዓይተው ፊታቸውን አዞሩ። «ጥሬውን? ምን ዓይነት ጭካኔ ነው?» ጋሼ ከብት ሲታረድ ቢላቸውን ከኪሳቸው አውጥተው፣ ሥጋው ሳይበርድ ከጭኑ ላይ ቆርጠው የሚጎርሱ ሰው ናቸው።

አሁን «እነማን ናቸው?» ወደሚለው ጥያቄ እንምጣ። ዓሣ በቤታችን በሁለት መንገድ ይቀርባል። አንደኛው ፊሌት ነው፤ አጥንቱ የወጣለት፣ ለሚወደድና ወሬው ለሚጣፍጥ ዘመድ። ሁለተኛው ሙሉ ጥብስ ነው፤ ቆሮሶው ከነራሱ፣ ጎንና ጎኑ በቢላ ተተልትሎ፣ ዘይት ውስጥ ገብቶ ጅራቱ እስኪንኮሻኮሽ የተጠበሰ። ሙሉ ጥብስ የሚበላ ሰው አያወራም። ጣቶቹ ይፈልጋሉ፣ ምላሱ ይመረምራል፣ ዓይኑ ሳህኑ ላይ ይተከላል። ከልጅነታችን ጀምሮ «ዓሣ ስትበሉ አታውሩ፣ አጥንቱ ይሰነቀርባችኋል» ተብለን ያደግን ነን። ባለቤቴ ይህን ምክር ወደ አሠራር ለወጠችው። መሬት ገዛችሁ ወይ? ለምን አልገዛችሁም? የእገሌ ልጅ ሦስተኛ ፎቅ እየጨመረ ነው፤ እናንተስ? ልጅ የሚባል ነገርስ አታስቡም? እንዲህ የሚል እንግዳ ሻሸመኔ ደርሶ ሲደውል ባለቤቴ ወደ አሞራ ገደል ሰው ትልካለች፤ አጥንት የበዛባቸው ትንንሾቹ ይመረጣሉ። ጥያቄው ሊጀመር አፍ ሲከፈት ትሪው ይቀርባል። ሳሎናችን ውስጥ የሚሰማው የማራገቢያው ድምፅ ብቻ ይሆናል።

ለአክስቴ ይህ መድኃኒት ሲሠራ ቆይቷል። ከምሳ በፊት የጀመሩት የመሬት ጉዳይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል፤ እጃቸውን ሲታጠቡ ደግሞ እንቅልፍ ይመጣባቸዋል። ተመልሰው ሲሄዱም ደስ ብሏቸው ነው፤ ከእኛ አቮካዶ በማዳበሪያ፣ አናናስ በካርቶን፣ ዓሣ በበረዶ አስጭነው። እናቴ ያመጣችውን ሽሮ ሳይቀር ግማሹን ይዘው ሄደዋል፤ ሽሮው አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ሆነ ማለት ነው።

የሐምሌው ገብርኤል ሲደርስ ባለቤቴ እንደተለመደው ከነአጥንቱ አዘጋጀች። አክስቴ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው፣ እጅጌያቸውን ጠቅልለው ጀመሩ። የመጀመሪያውን ቆሮሶ በዝምታ ጨረሱት። እኔና ባለቤቴ ተያየን። ሁለተኛውንም ሲያጋምሱ ዝም እንዳሉ ናቸው። ከዚያ ቀና አሉ፤ አጥንቱን በምላሳቸው ወደ ግራ ጉንጫቸው ገፋ አድርገው አስቀመጡት፤ በቀኙ እያኘኩ፣ ቃላቸው አንድም ሳይጎድል፣ «መሬቱንስ ከምን አደረሳችሁት?» አሉ።

ባለቤቴ ፈጥና ሦስተኛውን አነሣችላቸው።

«ትንሹን ነው የምወደው» አሉ አክስቴ፣ ጅራቱን እየቀነጠሱ። «እና ልጁስ?»